ዘጠኝ ጥርስ ያለው መዘውር

ቀረብ በሉ። «ተረት ተረት» ብዬ አልጀምርም፤ «የመሠረት» እንድትሉኝም አልጠብቅም። የምነግራችሁ ተረት አይደለማ። አገሩ ጉለሌ፣ ሰፈሩ ሽሮ ሜዳ፣ ዘመኑ የእኛው ነው።

ሽሮ ሜዳን አብዛኞቻችሁ የምታውቋት የበዓል ልብስ ልትገዙ ስትወጡ ነው። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ኩታው በየደጁ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ይህ የፊቱ ነው። ከሱቆቹ ጀርባ በቀጭኑ መተላለፊያ ገባ ብላችሁ ጆሮ ብትሰጡ ሌላ ነገር ይሰማል፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዷ። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሮጥ፣ ማጉ ተመትቶ ሲጠብቅ። ሸማኔው እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ለቆ ተቀምጧል። እጁን ሁሉ ያየዋል፤ ቱሪስትም ፎቶ የሚያነሳው እጁን ነው። ድሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ግን እግሩ ነው፤ እግሩን ማንም አያየውም።

እ.ኤ.አ. በ1898 ካርል ቤንዳ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ሕዋስ ሲመለከት ጥቃቅን ነገሮች አየ። አንዳንዱ እንደ ክር ረዝሟል፣ አንዳንዱ እንደ ጤፍ ፍሬ ነው። ስም ሲያወጣ ሁለት የግሪክ ቃላት ገጠመ፤ ሚቶስና ኮንድሮስ፣ ክርና ቅንጣት። ማይቶኮንድሪያ ያልናቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ሚቶስ ደግሞ ተራ ክር አልነበረም፤ ጥንታውያን ግሪኮች በሽመና ዕቃቸው ላይ የሚወጥሩትን፣ እኛ ድር የምንለውን ነበር እንዲህ የሚሉት። ቤንዳ ሽሮ ሜዳን አያውቃትም። ስሙ ግን እዚህ ሰፈር ቢወጣ ኖሮ ማንም አይደነቅም ነበር።

በትረካዬ ውስጥ ሁለት ሸማኔዎች አሉ፤ አባትና ልጅ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የሸመንኳቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስም የላቸውም። የወጡት ዳገት፣ የዋጡት መድኃኒት፣ ያለፈባቸው ዘመን ግን የእውነት ነው።

አባትየው በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ። ጠባብ ክፍል፣ የተዘጋ መስኮት፣ አምስት ስድስት ሰው ጎን ለጎን። ሳሉ ሲጀምር ብርድ ነው አለ። አክታው ተመርምሮ ሳንባ ነቀርሳ ሲባል መድኃኒቱን ጀመረ፤ ተሻለው፤ ተመልሶ መጣበት። ሁለተኛ ጊዜ ጀመረ፤ ሳሉ አልሰማ አለ። ሐኪሞቹ ለእንዲህ ያለው «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ይላሉ። ቃሉ ይገርመኛል። ባዳ የነበረው መድኃኒት ለተባዩ፣ ለቲቢ ባክቴሪያው፣ ቤተኛ ሆነለት ማለት ነው።

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። ለብዙ ዘመን ሥራው ሳንባ ነቀርሳ ነበር። የድሮ ሐኪሞች ለሳንባ የተራራ አየር ይበጀዋል ብለው ያምኑ ስለነበር የነቀርሳ ሆስፒታልን ከተራራ ጥግ ማቆም የዓለም ልማድ ነበር። ዳገቱን የሚጋሩት ብዙዎች ናቸው። ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚወጣ በሽተኛ አለ፤ ልምምድ የሚወጣ ሯጭ አለ፤ ከላይ ደግሞ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው እንደ ቀስት ጎብጦ የሚወርዱ እናቶች አሉ። አባትየው ከእነዚህ መካከል በየአሥር እርምጃው እየቆመ ወጣ።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነበር። ለመድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚሆነው ሕክምና በኢትዮጵያ የተጀመረው በዚያ ዓመት፣ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2009 በሚሉት ወር፣ እዚሁ ቅዱስ ጴጥሮስ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ተከተለ። በእነዚህ ሁለት ሆስፒታሎች ታክመው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የተከታተሏቸው 612 ሰዎች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ከዚያ በፊት የቲቢ መድኃኒት የወሰዱ ነበሩ። የሰውነታቸው ክብደት ከቁመታቸው ጋር ሲለካ መካከለኛው 16.6 ወጣ፤ ከ18.5 በታች የሆነ ሰው ከሲታ ይባላል። አጥንት ለብሰው ነው የመጡት ማለት ነው። 396ቱ ዳኑ፣ 85ቱ ሕክምናቸውን ጨረሱ፣ 85ቱ ሞቱ። በየትኛውም አገር ሚዛን ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሰማንያ አምስቱን ሳንረሳ።

አባትየው ከዳኑት ጋር ተቆጠረ። ለወራት በየቀኑ መርፌ ተወጋ፤ ከዚያም እስከ ሁለት ዓመት ድረስ እፍኝ ክኒን። ሳሉ ለቀቀው። ጆሮውም ለቀቀው። በመጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋ፤ ቀጥሎ የሕፃናት፤ ቀጥሎ የመወርወሪያው ጠቅታ። ሲስተር «አባባ፣ ይሰማዎታል?» ስትለው ከንፈሯን ያያል።

ለምን ጆሮ? መልሱ ቤንዳ ያያቸው ክሮች ውስጥ ስላለ ወደዚያ እንግባ። ትንሽ ታገሡኝ፤ መንገዱ ጠባብ ነው።

ማይቶኮንድሪያ ሁለት ገለፈት አለው። የውጪው እንደ ወንፊት ነው፤ ትንንሹን ነገር ያሳልፋል። የውስጠኛው ግን ጥብቅ ነው፤ ከሁሉ ያነሰችውን ፕሮቶን እንኳ ያለ በር አያስገባም። ደግሞም ሜዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ፓላዴ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያየው ገለፈቱ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ አገኘው። እናንተ ብታዩት «የሐበሻ ቀሚስ ሽንሽን» ትሉት ነበር። ብዙ ጨርቅ በጠባብ ወገብ ላይ የሚሰበሰብበት ዘዴ ያው ሽንሽን ነው።

ይህ ሽንሽን ከምን ተሠራ? ከስብና ከፕሮቲን። ስቡ የማግ ያህል ነው፤ በክብደት ቢለካ ከአራት እጁ ሦስቱ ፕሮቲን ነው። የረጅም ጊዜ ግምት ፕሮቲኖቹ በስቡ ላይ፣ በወጥ ላይ እንዳለ ቅቤ፣ ወዲያ ወዲህ ይንሳፈፋሉ የሚል ነበር። አይንሳፈፉም ማለቴ አይደለም። ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ሔርማን ሼገር የሚባል ሰው በጣም ለስላሳ በሆነ ሳሙና አጥቦ ሲያወጣቸው ተያይዘው ወጡ። በኃይለኛ ሳሙና ሲታጠቡ ይለያዩ የነበሩት እንደ ጓዳ ዕቃ የተበተኑ አይደሉም፤ ወንበር ይዘዋል፣ ጎረቤት አላቸው። አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ኮምፕሌክስ የሚባሉት ትላልቅ የፕሮቲን ቤቶች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ካርዲዮሊፒን የሚባል ስብ ያጣብቃቸዋል። ከእንጀራችንና ከሽሯችን የተወሰደችውን ኤሌክትሮን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ለኦክስጅን ያስረክባሉ። በእያንዳንዱ ቅብብል ፕሮቶን ከውስጥ ወደ ውጪ ይጣላል። ውጪ ይጨናነቃል፤ ውስጥ ይሳሳል። ግድብ ሞላ ማለት ነው።

የሞላ ግድብ በር ይፈልጋል፤ በሩ ላይ ደግሞ ወፍጮ። ይህን ወፍጮ በሐሳብ መጀመሪያ ያየው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቼል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲጽፈው ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ በ1978 ኖቤል ሰጡት። ወፍጮው ኤቲፒ ሲንቴዝ ይባላል። ገለፈቱ ውስጥ የተቀበረ መዘውር አለው፤ የእኛ መዘውር ስምንት ጥርስ አለው። አንድ ፕሮቶን ሲገባ አንድ ጥርስ ያልፋል፤ ስምንት ሲገቡ መዘውሩ አንድ ዙር ይሞላል፤ በአንድ ዙር ሦስት ኤቲፒ ይፈጫል። ኤቲፒ ማለት ሰውነት የሚመነዝረው የጉልበት ሳንቲም ነው። በሰከንድ መቶ ዙር ያህል ይዞራል።

እውነት ይዞራል? ብሎ የጠየቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች አንዱን ወፍጮ መስታወት ላይ አጣብቀው፣ ዘንጉ ላይ የሚያበራ ቀጭን የፕሮቲን ክር አሰሩ። ክሩ እንደ እንዝርት ዞረ፤ በዓይናቸው አዩት። በዚያው ዓመት ፖል ቦየርና ጆን ዎከር ስለዚሁ ወፍጮ አሠራር ኖቤል ተጋሩ። እኔ ግን ሽልማቱን ትቼ ክሩን ነው የምወደው።

አሁን ወደ አቀማመጡ። ወፍጮዎቹ በየሜዳው አልተበተኑም። ሁለት ሁለት ሆነው፣ ጀርባቸውን ሰጣጥተው፣ በሽንሽኑ ጫፍ ላይ ረድፍ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ጠርቶ ወጣ። ጥንዶቹ ዘንበል ብለው ስለሚቆሙ ገለፈቱን ያጎብጡታል። ስለዚህ ሽንሽኑ ወፍጮዎቹን አላሰለፋቸውም፤ ወፍጮዎቹ ናቸው ሽንሽኑን ያጠፉት። ጥንድነታቸው በፈረሰበት ሕዋስ ውስጥ ሽንሽኑም ይበላሻል። በሽንሽኑ አፍ ላይ ደግሞ ሚኮስ የሚባል የፕሮቲን ማኅበር እንደ ቁልፍ ቆሞ አፉን ያጠባል። ጥበብ የሸማውን ጫፍ ብቻ ያስጌጣል የምትሉ፣ ይኸው ጫፉ ላይ ያለው ጥበብ ሸማውን ራሱን ሲሠራው።

እዚህ ላይ ለአፍታ ወደ ዳገቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆን ሆሎዚ የሚባል አሜሪካዊ አይጦችን ለሳምንታት እያስሮጠ፣ በጡንቻቸው ያለው የማይቶኮንድሪያ አቅም በእጥፍ እንዳደገ አሳየ። ጋዜጦቻችን እንጦጦ ላይ የሚሮጠውን ልጅ ሰዓት በሰከንድ ይቆጥራሉ። ከጎኑ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደውን እናት የቆጠራት የለም። ሽንሽኑ ግን በሁለቱም እግር ውስጥ አለ፤ ማን ሜዳሊያ እንደወሰደ አያውቅም።

ወደ ነገራችን። እነዚህ ፕሮቲኖች ከየት ይመጣሉ? ከሺህ የሚበልጡት ከውጪ ነው፤ ትእዛዛቸው በሕዋሱ ማዕከል ያለው ዲኤንኤ ላይ ተጽፎ፣ ውጪ ተሠርተው፣ ቶም በሚባለው የውጪ በርና ቲም በሚባለው የውስጥ በር ተስበው ይገባሉ። ሲገቡ እንደ ክር ተዘርግተው ነው፤ ተጣጥፎ የመጣ በሩ አያሳልፈውም። ልክ እንደ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ክሩ ከገበያ ይመጣል፣ ጨርቁ እቤት ይሸመናል። አሥራ ሦስት ፕሮቲኖች ግን ከገበያ አይመጡም። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፣ 16,569 ፊደል፤ ከእናት ብቻ የሚወረስ። የራሱ ራይቦዞምም አለው፤ የፕሮቲን መሸመኛ ማለት ነው። አሥራ ሦስቱን እቤቱ ይሸምናቸዋል፤ እየሸመነም እዚያው የውስጠኛው ገለፈት ላይ ይሰካቸዋል። ሰባቱ ለአንደኛው ኮምፕሌክስ፣ አንዱ ለሦስተኛው፣ ሦስቱ ለአራተኛው፣ ሁለቱ ለወፍጮው። ከእነዚህ አንድ የጎደለ እንደሆነ ሺሁ ቢሟላም ቤቱ አይቆምም።

የራሱ ዲኤንኤ፣ የራሱ መሸመኛ ያለው ለምንድን ነው? ከአንድ ቢሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ገደማ ባክቴሪያ ስለነበረ ነው። ሌላ ሕዋስ ውጦት፣ ሳይፈጨው ቀርቶ፣ ቤተሰብ ሆነ። ሊን ማርጉሊስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1967 ስታሳትም የሳቀባት ብዙ ነበር። ዛሬ የሚስቅ የለም።

አሁን የአባትየው ጆሮ ይገባችኋል። መርፌው የተሠራው የባክቴሪያን መሸመኛ ለመስበር ነው። የእኛ ማይቶኮንድሪያ መሸመኛ ደግሞ የባክቴሪያ ዘር ስለሆነ መልኩ ይቀራረባል። ከእናታቸው አንዲት የተለወጠች ፊደል፣ በዚያች ትንሽ ዲኤንኤ 1555ኛው ቦታ ላይ፣ የወረሱ ሰዎች መርፌው በጥቂት ቀን ሊያደነቁራቸው ይችላል፤ መሸመኛቸው ይበልጥ ባክቴሪያ ስለሚመስል። ያልወረሱትንም ከብዙ መርፌ በኋላ ይጎዳቸዋል። ከውስጥ ጆሮ የሞተ የመስሚያ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም።

እንግዲህ ጠላት የዘመድ መልክ ይዟል። ዘመዱን ሳይነኩ እሱን እንዴት ይምቱት?

መልሱን ያገኙት ሰዎች ቤልጅየም ውስጥ ነበሩ፤ ኩን አንድሪስ የሚባል ሰው ይመራቸዋል። ብዙ ኬሚካል በቲቢ ተባይ ዘመድ ላይ ሞከሩ። አንዱ ገደለ፤ ግን ምኑን እንደመታ አልታወቀም። ዘዴያቸውን ስሙኝ፤ አንጀቴን ያራሰኝ እሱ ነው። ከመድኃኒቱ የተረፉትን ጥቂት ተባዮች ለቅመው ዲኤንኤያቸውን አነበቡ። የተረፉት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተለውጠው ተገኙ፤ የመዘውሩን ጥርስ በሚሠራው ጂን ላይ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። መድኃኒቱ ቤዳኪሊን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ለቲቢ የተገኘ የመጀመሪያው አዲስ ዓይነት መድኃኒት ነበር።

ተባዩ ማይቶኮንድሪያ የለውም፤ የገዛ ገለፈቱ ላይ ወፍጮ ተክሏል። የእሱ መዘውር ዘጠኝ ጥርስ አለው። ቤዳኪሊን በጥርሶቹ ላይ ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይቀረቀራል፤ መዘውሩ ቀጥ ይላል። ወፍጮው የቆመበት ተባይ ተኝቶ እንኳ ቢሆን ይሞታል፤ የተኛም ትንሽ ጉልበት ያስፈልገዋልና። የእኛስ ወፍጮ? እ.ኤ.አ. በ2009 ሲለካ የሰው ወፍጮ ለመድኃኒቱ ያለው ስስነት ከተባዩ ከሃያ ሺህ እጥፍ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወፍጮውና ሥራው ያው ሆኖ፣ የጥርሱ ቅርፅ ስለተለየ ብቻ ተባዩ ይሞታል፣ እኛ እንተርፋለን።

ልጅየው የታመመው በዚህ ዘመን ነው፤ ከአባቱ ከአሥር ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ቆይቶ፣ እዚያው ክፍል፣ እዚያው የተዘጋ መስኮት ሥር። መንገዱ የተጠረገው በሰው ነው። ስትሪም የሚባለው ትልቅ ጥናት በመጀመሪያው ዙር ቅዱስ ጴጥሮስን ከማዕከሎቹ አንዱ አድርጎ ነበር፤ ቤዳኪሊን በገባበት ሁለተኛ ዙርም ኢትዮጵያ ከሰባቱ አገሮች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት መርፌ የሌለበት ሕክምና ከመቶ ሰማንያ ሦስቱን እንዳሳካ፣ መርፌ ያለበት ሰባ አንዱን እንዳሳካ አሳየ። አባትየው ልጁ መርፌ እንደማይወጋ ሲነገረው አልሰማም። ልጁ ክንዱን ጠቁሞ፣ እጁን አራግፎ አሳየው። ያኔ ነው የገባው።

ግን ቤዳኪሊን ብቻውን አይሰጥም። ብቻውን ከተሰጠ ተባዩ እንደ ቀድሞዎቹ ይላመደዋል። ከጎኑ ሊኔዞሊድ የሚባል ክኒን አለ፤ እሱ ደግሞ መሸመኛ ሰባሪ ነው። የተባዩን መሸመኛ ይሰብራል፤ የእኛንም ማይቶኮንድሪያ መሸመኛ ያውካል። ከገበያ የሚመጡት ሺሁ አይጎድሉም፤ እቤት የሚሸመኑት አሥራ ሦስቱ ይጎድላሉ። ቀድሞ የሚከፋው ብዙ ጉልበት የሚበላው ቦታ ነው፤ ደም የሚሠራው መቅኔ፣ የዓይን ነርቭ፣ ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚዘልቀው ረጅሙ ነርቭ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በቀን 1,200 ሚሊግራም ከተሰጣቸው 109 ሕሙማን ከመቶ ዘጠናው ተሳክቶላቸዋል፤ ከመቶ ሰማንያ አንዱን ግን የነርቭ መደንዘዝ ወይም ማቃጠል አገኛቸው። ኋላ በተደረገ ሌላ ጥናት መጠኑ ወደ 600 ሲወርድ ፈውሱ እምብዛም አልቀነሰም፤ የነርቭ ሕመሙ ወደ ሃያ አራት ወረደ። ያ ዕውቀት ዛሬ በየክሊኒኩ መዝገብ ላይ አለ።

ልጅየው በየወሩ ዳገቱን ይወጣል። ልቡን በኢሲጂ ያዩለታል፤ ቤዳኪሊን ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ በኤሌክትሪክ የምታገግምበትን ጊዜ ያስረዝማልና። ደሙን ይወስዳሉ፤ ባለቀለም ሰሌዳ እያሳዩ ዓይኑን ይፈትናሉ። በአራተኛው ወር ሲስተር «እግርህስ?» አለችው።

«ካልሲ ያጠለቅሁ ይመስለኛል፣ ሲስተር።»

ባዶ እግሩን ነበር። ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰለት። ሳሉ ከጠፋ ሰንብቷል፤ አክታው ንጹሕ ነው፤ ክብደት ጨምሯል። ሕክምናውን ጨርሶ ሲወርድ እናቱ ቡና አፈላች፤ መስኮቱንም በመዶሻ መትታ ከፈተችው።

በማግስቱ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ድሩ ተወጥሮ ጠብቆታል፤ ቀሰሙን መወርወሪያው ውስጥ አስገባ፣ ወረወረ። ጠቅ። ቀኝ እግሩ ወረደ። ጠቅ። ግራው ይውረድ አይውረድ አላወቀም። አባትየው ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ተቀምጧል። ምንም አይሰማም፤ ግን መዳፉን የሽመናው ቋሚ እንጨት ላይ አሳርፎታል፤ መስማት ከተወ ወዲህ እንደዚህ ነው የሚያዳምጠው።

«ግራህ ዘገየ» አለው።

ልጁ እጁን አቆመ። ጎንበስ ብሎ፣ ድሩን በክርኑ ገለል አድርጎ ወደ ጉድጓዱ አየ። እግሩ መርገጫው ላይ ነበር።